ኬዝ ውድድር ለምትገቡ የጅማ ተማሪዎች

የኬዝ ውድድር፣ ማለትም የአንድ ድርጅት ችግር ተጽፎ ተሰጥቷችሁ መፍትሔ የምታቀርቡበት ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ የምጠብቀው ውሳኔ ነው። ባለቤቱ ነገ ጠዋት ምን ያድርግ? ስንት ብር ይፈጃል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? እነዚህን የመለሰ ቲም ስላይዱ ባያምርም ቀልቤን ይስበዋል። ሃያ ስላይድ ሙሉ ትንታኔ አቅርቦ መጨረሻ ላይ «ድርጅቱ ገበያውን በጥንቃቄ ቢያጠና ይሻላል» የሚል ቲም ግን ያሳዝነኛል። ልጆቹ ሌሊቱን እንዳልተኙ ከዓይናቸው ይታያል። ያን ሁሉ ለፍተው የተጠየቁትን አልመለሱም።

እኔ ጅማ ውስጥ ባንክ ነው የምሠራው፣ ብድር ክፍል። ሥራዬ ሰዎች ያቀረቡትን የንግድ ዕቅድ ማንበብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለውድድር የሚዘጋጁ ተማሪዎችን አግዛለሁ። ተማሪ እያለሁ ራሴም ተወዳድሬያለሁ።

በቅድሚያ የምትገቡበት ውድድር ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ሁሉም «ቢዝነስ ውድድር» ይባላል እንጂ አንድ አይደለም። ለአሸናፊው 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጠው ኸልት ፕራይዝ የራሳችሁን የንግድ ሐሳብ ይዛችሁ የምትቀርቡበት ነው። በኬዝ ውድድር ግን የሚሰጣችሁ የሌላ ሰው ችግር ነው። አንድ ድርጅት አለ፣ ታሪኩ ተጽፏል፣ ከኋላ የሂሳብ ሠንጠረዥ ተያይዟል፣ አንድ ኃላፊ መወሰን አለበት። በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምሩበት የኖረ ዘዴ ነው። አንዳንዱ ውድድር ወረቀቱን ሰጥቶ ለጥቂት ሰዓት ክፍል ውስጥ ይዘጋባችኋል። አንዳንዱ 24 ሰዓት ይሰጣል። ሌላው ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ዝግጅታችሁም እንደዚያው ይለያያል። ክፍል የሚዘጋው ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሳምንት የሚሰጠው እግር ይፈልጋል።

ቲም ስትመሠርቱ የዶርም ጓደኛ ብቻ አትሰብስቡ። ብዙ ጊዜ ከቤኮ (ከንግድና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ) አራት የአካውንቲንግ ተማሪዎች ሆነው ይመጣሉ። አራቱም ሂሳቡ ላይ ይረባረባሉ፤ «ሰው ይህን ለምን ይገዛል?» የሚል ይጠፋል። ደንቡ ከፈቀደ ከግብርና ኮሌጅ አንድ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ (ከቴክኖሎጂ ግቢው) አንድ ጨምሩ። ሂሳብ የሚወድ ይኑር፤ ሰው ማናገር የማያፍር ይኑር፤ ጥሩ የሚጽፍ ይኑር። አንዱ ደግሞ «ይሄ አልገባኝም» ለማለት የማይፈራ ይሁን። ዳኛው የሚጠይቀውን ጥያቄ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱ ነው።

አቀራረቡ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ክርክራችሁ ግን በሚቀናችሁ ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ጥሩ ሐሳብ ያላት ልጅ እንግሊዝኛው ቶሎ ስላልመጣላት ብቻ ዝም ስትል በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ያኔ ቲሙ ያጣው ሐሳቡን ነው። ውሳኔው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ለማምጣት ጊዜ አለ።

ወረቀቱ ሲደርሳችሁ ሳትነጋገሩ ለየብቻ አንብቡት። ከዚያ እያንዳንዳችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ማነው የሚወስነው፣ ምኑን ነው የሚወስነው፣ እስከ መቼ? አራቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካልተመሳሰለ ጉዳዩ ገና አልገባችሁም፤ ኤክሴል አትክፈቱ። ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ቲሞች ግን ይዘሉታል። እኩለ ሌሊት ላይ ሁለቱ ስለ ገበያ ማስፋፋት፣ ሁለቱ ስለ ወጪ መቀነስ ሲሠሩ መቆየታቸውን የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው።

የስዎት ሠንጠረዥ (የድርጅቱን ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድልና ስጋት የሚዘረዝረውን) ሥሩ፤ ለራሳችሁ ይጠቅማል። ለዳኛ ግን አታሳዩ። ዳኛው ኬዙን አንብቦታል።

አሁን ሂሳቡ። እዚህ ላይ ልቆይ፤ የምትለዩት በዚህ ነውና። ተማሪዎቼን የማለማምድበትን ኬዝ ላካፍላችሁ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። አንድ ሰው ጎማ ወረዳ ውስጥ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለው። ዘንድሮ ቡናውን ይጠብ ወይስ ጀንፈል አድርጎ ከነልጣጩ ያድርቀው ነው ጥያቄው።

ለመታጠብ የሚሆነው እሸት ቡና በኪሎ 60 ብር ይገዛል እንበል። በግምት 6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እሸቱ ብቻ 360 ብር ነው። የቀን ሠራተኛ፣ ጆንያና መኪና 40 ብር ጨምሩ፤ 400 ሆነ። በ460 ቢሸጥ በኪሎ 60 ብር ይተርፋል። ጣቢያው በዓመት 1.2 ሚሊዮን ብር ቋሚ ወጪ ካለበት፣ ለ60 አካፍሉት፤ 20,000 ኪሎ ወይም 200 ኩንታል ሲሸጥ ነው ከኪሳራ የሚወጣው። አብዛኛው ቲም እዚህ ያቆምና ደስ ብሎት ወደ ስላይድ ይሄዳል።

እናንተ ግን ሁለት እርምጃ ቀጥሉ። አንደኛ፣ የእሸት ዋጋ በ5 ብር ብቻ ቢጨምርስ? በ6 ሲባዛ 30 ብር ነው። ትርፉ ከ60 ወደ 30 ወረደ። ከኪሳራ ለመውጣት አሁን 400 ኩንታል ያስፈልጋል። በ5 ብር ምክንያት ሥራው እጥፍ ሆነ። አዝመራ ላይ ሰብሳቢዎች ሲፎካከሩ 5 ብር በአንድ ሳምንት ሊጨምር ይችላል። ይህን ስሌት አንድ ስላይድ ላይ ያስቀመጠ ቲም ዳኛውን ከወንበሩ ቀና ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ገንዘቡን ተከተሉ። 200 ኩንታል ንጹሕ ቡና ማለት 120,000 ኪሎ እሸት ነው። በ60 ብር 7.2 ሚሊዮን ብር። አርሶ አደሩ ቡናውን ሲያስረክብ ገንዘቡን ይፈልጋል። እሸቱ በመጣበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ አይከማችም። ከዚያ ይቦካል፣ ይታጠባል፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል፣ ይጓጓዛል፣ ይሸጣል። ብሩ የወጣው ጥቅምት ላይ ነው፤ የሚመለሰው ከሳምንታት ምናልባትም ከወራት በኋላ ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ማን ይሸከመዋል? ብድር ከሆነ ወለዱ ስንት ነው? ወለዱ የ60 ብሩን ትርፍ ስንቱን ይበላል? ትርፍ እያለው ጥሬ ገንዘብ አጥሮት የቆመ ንግድ በጠረጴዛዬ ላይ ብዙ አልፏል። ስለዚህ ለማንኛውም ኬዝ፣ የቡናም ይሁን የሆቴል፣ በየወሩ የሚገባና የሚወጣ ብር የሚያሳይ ትንሽ ሠንጠረዥ ሥሩ። ከዚያ የጀንፈሉን መንገድ በዚሁ ልክ አስሉና አወዳድሩ። ጀንፈል በርካሽ ሊሸጥ ይችላል፤ ግን ማከማቸት ይቻላል። ውሳኔው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ኬዙ የቆየ ከሆነ የውጭ ምንዛሪውን እዩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በአሮጌው ተመን የተሠራ የማሽን መግዣ ዕቅድ ዛሬ ምንም አይናገርም።

ሳምንት የሚሰጥ ውድድር ከሆነ ውጡ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ማንም ሊበልጠው አይገባም። ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ላይ በር አንኳኩታችሁ፣ መጠይቅ ይዛችሁ ቀበሌ ዞራችሁ ታውቃላችሁ። ያንኑ ለገበያ ተጠቀሙበት። ሂርማታ ገበያ ሂዱ፣ የጅማው መርካቶ ሂዱ፣ የእንጨት ሥራ ቤቶች ግቡ። የገበያ ቀን ጠዋት ነጋዴው ጊዜ የለውም፤ ከሰዓት ሲቀዘቅዝ ድረሱ። መጀመሪያ ሰላምታ፤ «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «አካም ጅርቱ» በሉ፣ ቁጭ በሉ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ። ትልቅ ሰው ከሆኑ አንቱ በሉ። «ትርፍዎ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ማንም አይመልስም። «ዕቃው ከየት ይመጣል? ማጓጓዣው በስንት ነው? ዱቤ የሚወስድ ደንበኛ መቼ ይከፍላል?» ብትሉ ትርፉን ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ። የቡና ነጋዴ ዋጋ በፈረሱላ ከነገራችሁ 17 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ ወደ ኪሎ ሳትቀይሩ ሠንጠረዥ ውስጥ አታስገቡ። ስማቸውን ካልፈቀዱ አትጥቀሱ።

ለልምምድ ከውጭ የተገዛ ኬዝ አያስፈልጋችሁም። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚሠራ ባለሙያ አዲስ አበባ ሱቅ ይክፈት ወይስ ለነጋዴ ያስረክብ? የጌራ ማር አምራቾች ማኅበር ማሩን በጀሪካን ይሽጥ ወይስ ያሽግ? ሁለት ገጽ አድርጋችሁ ራሳችሁ ጻፉት፣ ለሌላ ቲም ስጡት፣ የእነሱን ተቀበሉ። ሦስት ሰዓት ያዙ፣ ስልክ አጥፉ። የሌሎች አገሮች የፍጻሜ ውድድሮችም ዩቲዩብ ላይ አሉ። አቀራረቡን ሳይሆን የጥያቄና መልሱን ክፍል ደጋግማችሁ እዩ።

ስለ ሌሊቱ ባጭሩ፦ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ላፕቶፑ ሁሉ ቻርጅ ይደረግ፣ ፋይሉ ፍላሽ ላይም ኢሜይል ላይም ይኑር። የተወሰነ ሰዓት ላይ አዲስ ሐሳብ ይቁም። ንግግር የሚያደርገው ሰው ይተኛ።

ስታቀርቡ መልሱን አስቀድሙ። «ጣቢያው ዘንድሮ ግማሹን ይጠብ፣ ግማሹን ጀንፈል ያድርግ፤ 3.6 ሚሊዮን ብር የሥራ ማስኬጃ ይበደር» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ለምን እንደሆነ አስረዱ። በአንድ ስላይድ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ርዕሱም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን። «ፋይናንስ» ከሚል ርዕስ «እሸት 5 ብር ሲጨምር ትርፉ በግማሽ ይወርዳል» የሚለው ይሻላል። አሥር ደቂቃ ከተሰጣችሁ በዘጠኝ ጨርሱ። የቀረውን ስሌት በአባሪ ስላይድ ያዙት፤ ጥያቄ ሲመጣ «ስላይድ 14 ላይ አለ» ብሎ መክፈት ትልቅ ነጥብ ያስገኛል።

ጥያቄው ላይ አትከላከሉ። ዳኛው የማታውቁትን ቁጥር ከጠየቀ «ቁጥሩ የለንም፤ ይህን ያህል ብለን ገምተናል፤ በሩብ ቢሳሳትም ውሳኔያችን አይለወጥም» ማለት ይቻላል። የምታውቁትን አካባቢ ደግሞ አምጡ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ በ2023 አውጥቷል። የማሳው መገኛም በካርታ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ኬዙ ውስጥ ባይጻፍም የጅማ ልጅ ስለ ቡና ሲያወራ ይህን ቢያነሳ ያምርበታል።

ዋንጫውን የሚወስደው አንድ ቲም ነው። የቀራችሁት ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ውጤት እንደተነገረ ወደ ዳኞች ሂዱና «የቱ ጋ አጣናችሁ?» በሉ። ያን ቀን ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል፤ በሳምንቱ ይረሱታል። ሲቪ ላይ «ተሳትፌያለሁ» ብቻ አትጻፉ። ችግሩን፣ ያቀረባችሁትን ውሳኔና ዋናውን ቁጥር በሁለት መስመር ጻፉ። ለባንክ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ ማሽን መግዣ ብድር የጠየቀ የእንጨት ሥራ ቤት ቢመጣ ምን እንደምመለከት ተጠይቄ ነበር። ለውድድር ስለማመድ የተከራከርንበትን ነው የመለስኩት።

ስሌቱንም ወደ ገበያው መልሱት። ከማግዛቸው ተማሪዎች አንዷ መረጃ ለሰጧት የእንጨት ባለሙያ የአንድ ወንበር ወጪ ዝርዝር ሠርታ ወሰደችላቸው። የራሳቸውን ጉልበት ወጪ ውስጥ አስገብተውት አያውቁም ነበር። አሁን ትዕዛዝ ሲመጣ ዋጋ የሚሰጡት ወረቀቱን አይተው ነው። ለእኔ ይህ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ጀምሩ። የመጨረሻው ዓመት ላይ የመውጫ ፈተናው አለ፤ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ፍጻሜው አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ገንዘብም ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ሽልማት ቢገኝ እንዴት እንደምትካፈሉ በወረቀት ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙ። ለትራንስፖርትና ለሕትመት ከኪሱ ያወጣ ሰው ካለ መጀመሪያ የእሱ ይመለስለት፣ ቀሪው ይከፋፈል። ደረሰኞቹን አንድ ሰው ይያዝ።