ሂሳብ ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች፣ ከደሴ

እኔ ደሴ ላይ ሂሳብ አስጠናለሁ፣ ወላጆች ደሞ ሁሌ የሚሉኝ «ፈተናውን ይለፍልኝ እንጂ ከዛ ወዲያ ሂሳብ ምን ያረግለታል» ነው። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እዛው እነሱ ጓዳ ውስጥ፣ ገበያው ላይ፣ መንገዱ ላይ ሂሳብ አለ እኮ፣ እና አብዛኛው ስህተታችን የሚመጣው ሁሉንም ነገር በመደመርና በመቀነስ ብቻ ስለምናስበው ነው።

መጀመሪያ ፐርሰንት። 1,000 ብር የነበረ ጫማ ላይ ባለሱቁ 20 ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዛ አልሸጥ ሲለው 20 ፐርሰንት ቀነሰና ወደ ድሮ ዋጋው የመለሰው መሰለው። አልመለሰውም! ሲጨምር የ1,000ን ነው፣ 1,200 ሆነ፣ ሲቀንስ ግን የ1,200ን ነው፣ እሱ 240 ብር ነው፣ ስለዚህ ጫማው 960 ገባ። ፐርሰንት ስትሰሙ መጀመሪያ «የምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው የክብ ነገር ነው፣ እሱ በጣም ያንገበግበኛል። ጎረቤታችን ለሰርግ ለክርስትና ድፎ ዳቦ እየጋገረች ትሸጣለች፣ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲም የሆነውን 60 አርጊልኝ ያላትን ሰው እጥፍ ብር ታስከፍል ነበር። ውፍረቱ እኩል ከሆነ ግን ዱቄቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሄደው፣ በዚህም በዚያም ጎን ስለሚሰፋ፣ 2 ጊዜ 2 ማለት ነው። የ2 ኪሎ እያስከፈለች 4 ኪሎ ዱቄት ስታቦካ ከርማለች፣ የጉልበቷን ሳልቆጥር። እንጀራም ያው ነው፣ ባለ 60 ሳንቲሙ የባለ 40ውን አንድ ተኩል ሳይሆን ሁለት ከሩብ ያህላል።

መንገድ ላይ ደሞ፣ ኮምቦልቻ በሰዓት በ60 ወርዳችሁ በ30 ብትመለሱ አማካይ ፍጥነታችሁ 45 አይደለም፣ 40 ነው። ዳገቱን በዝግታ ስትወጡ ረዘም ያለ ሰዓት ስለምትቆዩ።

«ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚባለውስ? እሱ ለባህር ጠለል ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ወደ 92 ላይ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናትና እዛ ወደ 94። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ እኛ ጋ ስትመጣ «ይሄ ባቄላ ምን ሆኖ ነው እንቢ ያለው» እያለች ከሰል ትጨምራለች። አንዴ ከፈላ ግን እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም፣ ስለዚህ ማታውን ዘፍዝፉት፣ ወይ ፕሬሸር ኩከር ካላችሁ እንፋሎቱን አፍኖ ከዛ በላይ ያሞቀዋል።

አርትና ሂሳብን ማጣላትም ስህተት ነው፣ በተለይ ለእኛ፣ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ሆኖ ሳለ። ለተማሪዎቼ ማሲንቆ አምጥቼ ክሩን በማስመሪያ አስለካቸዋለሁ። ልክ ግማሹ ላይ ሲጫኑት ያው ድምፅ በቀጭኑ ይወጣል፣ ክሩ በሰከንድ የሚርገበገበው እጥፍ ስለሚሆን። ባለፈው አንዷ «ሁለት ሦስተኛው ብቻ እንዲመታ ብናረገውስ?» አለችኝ፣ አንድ ተኩል ጊዜ ይሆናል ብዬ ሳልጨርስ ጣቷን አስቀምጣ መምታት ጀመረች።