አዲስ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት ደጋግመው የሚሳሳቱት

ሰዎች የሚሳተፉባቸውን ጥናቶች ከመጀመራቸው በፊት የሚመረምረው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ብዙዎቻችን አይአርቢ የምንለው፣ አባል ሆነው ከተመረጡ እንኳን ደስ አለዎት። አበሉ አያኩራራም፤ የሚነበበው ወረቀት ግን አያልቅም። እነዚህን ስህተቶች ግን እባክዎ አይድገሙብን።

የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ መሆን። የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነው። ሁለት ሰዓት ከተሰበሰብን አንድ ሰዓት ተኩሉ በናሙና ስሌት፣ በሰንጠረዥ አቀማመጥ፣ በነጠላ ሰረዝ ያልቃል። የፈቃድ ቅጹ ጋ፣ ማለትም ተሳታፊው በጥናቱ ለመሳተፍ መስማማቱን የሚገልጽበት ወረቀት ጋ፣ ስንደርስ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። «ያው የተለመደው ነው፣ እንለፈው» ይላል አንዱ። በቅርቡ እንዲህ ሊያልፍ በነበረ ቅጽ ላይ፣ ለቅሬታ ይደውሉ ተብሎ የተሰጠው ስልክ የዋና ተመራማሪው የራሱ ነበር። ተመራማሪው የበደለው ሰው ለዚያው ለተመራማሪው አቤት ሊል ነው? ዝቅ ብሎ «ጉዳት ከደረሰብዎ ሕክምና ያገኛሉ» ይላል። የት? በማን ወጪ? ከገጠር የምትመላለሰው እናት የትራንስፖርት ገንዘብስ? «ጥናቱ ሲጠናቀቅ ይሰጣል።» መሃል ላይ ልተው ብትልስ? ያኔማ ገንዘቡ መያዣ ሆነ ማለት ነው። ስሌቱ አይታይ አላልኩም፤ የማይረባ ጥናት ሰውን በከንቱ ማድከም ነው። ግን ስሌቱን አማካሪውም ትምህርት ክፍሉም አይተውታል። ቅጹን ከእርስዎ በቀር ከልቡ የሚያነብ የለም። ከእሱ ይጀምሩ።

ይሉኝታ። የፕሮፖዛሉ ባለቤት አለቃዎ ከሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ አይበቃም። ከክፍሉ ይውጡ፤ መውጣትዎም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። ቡና ላይ «ኧረ የጋሼን ነገር አፋጥኑት እንጂ» ማለትም ያው ነው።

ፕሮፖዛሉን እዚያው ስብሰባ ላይ ማንበብ። አይደረግም።

«መጠይቅ ብቻ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ማለት። የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከት ጥያቄ ባል በተቀመጠበት ቢነበብስ? ወላይታ ውስጥ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም ስለዚያ የእግር እብጠት፣ የዘረመል ጥናት ሲታሰብ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ሕዝቡን አነጋግረው ነበር። ሰዉን ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ መገለል ነበር። በሽታው የዘር ነው ከተባለ ነገሩ ለመላው ቤተሰብ ይተርፋል።

ሐኪም ያልሆነውን አባል ለቁጥር ማስቀመጥ። አሜሪካ፣ ቱስኪጊ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይታከሙ ይጠኑ ነበር። ፔኒሲሊን መደበኛ ሕክምና ከሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ በአብዛኛው ሐኪሞች የነበሩበት ቡድን ተሰብስቦ «ይቀጥል» አለ። የቆመው በ1972 ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። እርስዎ የሕግ ባለሙያ ወይም የማኅበረሰብ ተወካይ ከሆኑ «ይሄ አልገባኝም» ማለት ዋናው ሥራዎ ነው። አይፈሩ።

አጽድቆ መርሳት። የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ማለትም የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ፣ ኮሚቴው በሂደት ላይ ያሉ ጥናቶችን የመከታተል መብት ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። እኛ ግን ማኅተም ካረፈ በኋላ ፋይሉን ዞር ብለን አናየውም። የሂደት ሪፖርት ያላመጣው ማን እንደሆነ በየስብሰባው ይጠይቁ።

የመጨረሻው፣ «የሥነ ምግባር ክፍሉ ይስተካከል» ብሎ መመለስ። ምኑ? ተማሪው በምን ይወቀው? የትኛው ገጽ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር፣ በምን ይተካ ብለው ይጻፉለት። መረጃ ሰብሳቢዎቹን አሠልጥኖ እየጠበቀ ነው።