ሐረጎን ሲወርድ የሚተኩስ ሞተር ሳይክል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ነጂው ነዳጅ መስጫውን በለቀቀ ቁጥር ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው የድምፅ ማፈኛ) «ጧ ጧ» እያለ መተኮስ ከጀመረ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው፤ የካርቡራተሩን (የአየርና የነዳጅ መቀላቀያውን) ብሎን ወዲህና ወዲያ ያዞራል። ይህን የምጽፈው ያ ካቻቢቴ ለጊዜው እንዲቀመጥ ነው። ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ደህና መሆኑን፣ የአየር ፊልትሮው በቦታው መኖሩንና ቤንዚኑ ውሃ ያልገባበት መሆኑን አንባቢው አስቀድሞ እንዳየ እቆጥራለሁ።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ሞተሩ መቼ እንደሚተኩስ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው እየተደናቀፈ የሚተኩስ ከሆነ ጉዳዩ የእሳት ነው፤ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ ወይም ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጥቅል) ይመርመር። ድምፁ ከኋላ ሳይሆን ከካርቡራተሩ በኩል እንደ ማስነጠስ የሚሰማ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ወይም የአየር ማስገቢያው ቫልቭ በደንብ አይዘጋም። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ብቻ፣ በተለይም ቁልቁለት ላይ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ የሚተኩሰው ግን ከአሥሩ ሰባት ስምንቱን ጊዜ የሚመጣብኝ ነው፤ የሚቀጥለውም ስለ እርሱ ነው።

ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው የአየርና የነዳጅ ቅልቅል በጣም ስለሚቀንስ፣ ከፊሉ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል። በጋለው ቱቦ ውስጥ ከውጭ የተሳበ ንጹሕ አየር ካገኘ እዚያው ይቀጣጠላል፤ የምንሰማው ተኩስም ይኸው ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው አየሩ በየት በኩል እንደገባ ነው፤ መልሱም በአብዛኛው ቱቦው ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ጋስኬት፣ ማለትም ክፍተቱን የሚደፍነው ማሸጊያ ነው።

አንድ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ሞተራቸውን ከገዙ ገና በሦስተኛው ሳምንት፣ ካርቡራተሩ ሦስት ቦታ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ይዘውልኝ መጡ። ጎንበስ ብዬ ሳየው በቱቦው አንገት ዙሪያ ኩል የተኳለ የሚመስል ቀጭን የጥቀርሻ መስመር ነበር። ሁለቱን ዳዶዎች ፈትቼ ቱቦውን ሳወርድ፣ በጋስኬቱ ቦታ ከዘይት ጣሳ ተቆርጦ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ወደቀ፤ የክዳኑ እጥፋት እንኳ ገና ይለያል። «ሐጂ፣ ካርቡራተርዎ ምንም አልሆነም፤ ሞተሩን የሸጡልዎት ግን ከነጣሳው ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ የአስቤስቶስ ገመድ፣ የተቀጠቀጠ የመዳብ ሽቦ፣ አልፎ ተርፎም ተራ ሲልከን የተሞላበት አይቻለሁ። ተራ ሲልከን ይህን ሙቀት አይችልም፤ ተቃጥሎ ይረግፋል፣ ክፍተቱም ከበፊቱ ይሰፋል።

የሚያፈስ መሆኑን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ አስነስቶ፣ ቱቦው ሳይግል የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ መዝጋት ይበቃል፤ ቀዳዳ ካለ አንገቱ ላይ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቢቀባ ደግሞ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ይህ የሚደረገው በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ነው። በጋለ ቴስታታ ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ የጋለ ቱቦ ከባት ላይ የሚተወው ጠባሳም ዕድሜ ልክ ይኖራል።

አዲሱ ጋስኬት ከመግባቱ በፊት አሮጌው መውጣቱ በባትሪ ብርሃን ይታይ። አሮጌው ጥቀርሻ ለብሶ የቴስታታው አካል ስለሚመስል ብዙዎች በላዩ ላይ አዲስ ይደርባሉ፤ ሁለት የተደረቡበት ቱቦ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ዳዶዎቹ ዝገው ከሆነ ዘይት ተቀብተው ይደሩ እንጂ በጉልበት አይፈቱ፤ አንዱ ቡሎን ቴስታታው ውስጥ ከተሰበረ ቡሎኑን የማስወጫው ዋጋ ከጋስኬቱ ብዙ እጥፍ ነው። ሲገጠም በመጀመሪያ ሁለቱን ዳዶዎች በእጅ ብቻ፣ ቀጥሎ የማርሚታውን የኋላ መያዣ፣ በመጨረሻም ዳዶዎቹን በየተራ ሩብ ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ጋስኬቱን በአንድ ጎን ይጨፈልቀዋል። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ፤ አጭር መፍቻ ይበቃል፣ ቱቦ የተቀጠለበት ረጅም እጀታ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላል።

የኋላው መያዣ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ እንደሆነ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ማርሚታው በኮረኮንች ላይ በተወዛወዘ ቁጥር አንገቱን ስለሚነቀንቀው፣ አዲሱ ጋስኬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይፈታል። መያዣው ይበየድ።

አንገቱ ደህና ሆኖ ተኩሱ ካልቆመ፣ በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጎማ ተጎንብሶ ይታይ፤ ሲታጠፍ የሚከፈት ስንጥቅ ካለበት ይለወጥ። ካቻቢቴው የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። የሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ የሚሠራበት) ቀጭን የነዳጅ ቀዳዳ ተደፍኖ ከሆነ በማጽጃና በአየር ይጽዳ፤ በብረት ሽቦ የሚወጋው ሰው ቀዳዳውን አስፍቶ ሌላ በሽታ ያመጣበታል። የቅልቅሉ ብሎን ከመፈታቱ በፊት እስኪቀመጥ ድረስ በቀስታ ገብቶ ዙሩ ይቆጠር፣ ቁጥሩም ይጻፍ።

እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ራሱ ያሳስታል። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ነጂው ጭሱ ጠቆረ ብሎ ነዳጁን ያስቀንሳል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን አየሩ ወፍሮ ነዳጁ ያንሰዋል፤ መንገዱን በሙሉም ይተኩሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሰው ደሴ ላይ እስከ መጨረሻው አያስቀንስ።

ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ ቁልቁለቱን ማርሽ ውስጥ እንዳለ ቁልፍ አጥፍተው ለሚወርዱ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ሞተሩ እየተሽከረከረ ነዳጅ መሳቡን አያቆምም፤ ያልተቃጠለው ሁሉ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀምና ታች ቁልፉ ሲበራ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። በዚህ ምክንያት ሆዱ ከብየዳው የተተረተረ ማርሚታ ያመጣልኝ ወጣት፣ የቆጠበው ቤንዚን ከአንድ ሊትር አይበልጥም ነበር።

አልፎ አልፎ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ጠብቦ፣ ወይም በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ንጹሕ አየር ወደ ጭስ ማውጫው የሚሰጠው ትንሽ ቫልቭ ተበላሽቶ ይገኛል።

ጥገናው ሲያልቅ ሙከራው ሐረጎ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ነው። ለድምፅ ሲባል የማርሚታው ውስጥ ተቆርጦ የወጣለት ሞተር ግን ይህ ሁሉ ተሠርቶለትም መተኮሱን ይቀጥላል፤ ለእርሱ ያለው ብልሃት የወጣውን ክፍል ፈልጎ ማስገባት ብቻ ነው።