ኢኤፍአይቫር ተጭኖ «አይደገፍም» ሲል

ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ኢኤፍአይቫርን (ቦርዱ ላይ የተጻፉትን የኢኤፍአይ ሴቲንጎች ከሊኑክስ ሆኖ የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም) እና ጓደኛውን ኢኤፍአይ ቡት ማናጀርን (የትኛው ቀድሞ እንደሚነሳ የሚያስተካክለውን) ከሶርስ ኮድ ሊጭኑ ሞክረው እምቢ ያላቸው ልጆች ይመጡብኛል። ኮምፓይለርና ጊት እንዳላችሁ ቆጥሬያለሁ።

ሜክ (ሶርስ ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ትእዛዝ) መሃል ላይ ከቆመ የጎደለ ፓኬጅ አለ። ኢኤፍአይቫር ማንዶክ ይፈልጋል፤ ቡት ማናጀሩ ደግሞ የፖፕት ዴቭ ፓኬጅ። «ኢኤፍአይዲር» ብሎ ከጮኸ ከሜክ ቀጥሎ የዲስትሮአችሁን የቡት ፎልደር ስም ጻፉለት።

ተጭኖ «ላይብረሪው አልተገኘም» ካለ፣ ሊብ64 የሚባል ፎልደር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን እዚያ አያዩም። ሊብዲርን (ላይብረሪው የሚገባበትን ፎልደር) ራሳችሁ ወስናችሁ እንደገና ጫኑ፣ ከዚያ ሲስተሙ ላይብረሪውን እንዲያውቀው ኤልዲኮንፊግ በሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ሁሉም በሰላም ተጭኖ «በዚህ ሲስተም ላይ የኢኤፍአይ ቫሪያብል አይደገፍም» ይላል። በብዛት የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ፕሮግራሙን አትንኩት፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ማሽኑ የተነሳው በአዲሱ ዩኢኤፍአይ ሳይሆን በድሮው ባዮስ መንገድ ነው። ሲስ የሚባለው ፎልደር ግቡ፣ ከውስጡ ፈርምዌር ግቡ። ኢኤፍአይ የሚል ፎልደር አለ? ከሌለ ሺህ ጊዜ ኮምፓይል ብታደርጉ ዋጋ የለውም። አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ አራት ጊዜ ኮምፓይል ሲያደርግ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ በጠዋት ሚኒባስ መጣ። ፎልደሩን ለማየት አስር ሰከንድ አልፈጀብኝም። ቡት ሜኑውን ከፈትነው። ሊኑክስ የሚጫንበት ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፏል፦ አንዱ ጋ ስሙ ብቻ፣ ሌላው ጋ ከስሙ ፊት «ዩኢኤፍአይ» አለ። ልጁ ሊኑክስን ሲጭን የመረጠው ከላይ ያገኘውን ነው።

መፍትሄው ባዮስ ሴቲንግ ገብቶ ሲኤስኤምን (በድሮው ባዮስ መንገድ መነሳት የሚያስችለውን) ማጥፋት ነው። ግን ቆይ! ሊኑክሱ ራሱ በድሮው መንገድ ተጭኖ ከሆነ ሲኤስኤም ሲጠፋ አይነሳም። መጀመሪያ ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ «ዩኢኤፍአይ» ያለበትን መርጣችሁ እንደ አዲስ ጫኑ። ፓርቲሽን እየቀያየሩ ማዳን ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም።

ትናንት ፍላሹን በዩኢኤፍአይ ያስነሳ የነበረ ዴስክቶፕ ዛሬ ይህን ካመጣ ባትሪውን ጠርጥሩ። ያቺ ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 ስትሞት ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ አንዳንዱ ቦርድ ላይ ሲኤስኤም መልሶ ይበራል። የሚያሳብቀው ሰዓቱ ነው። ሜክ «ፋይሉ የተጻፈው ገና ባልመጣ ቀን ነው» እያለ ያጉረመርማል፣ ጊት ሰርተፍኬት አልቀበልም ይላል። አዲስ ባትሪ 3 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ከነማሸጊያው ገዝቼ 2.4 ያሳየኝ አለ! ሜትር ሳታስነኩ ብር አታውጡ።

ኢኤፍአይ ፎልደር ውስጥ ባለው ኢኤፍአይቫርስ ግን በዘፈቀደ አርኤም (የማጥፊያ ትእዛዝ) አትጻፉ። እዚያ ያለው የዲስክ ፋይል ሳይሆን የቦርዱ ማስታወሻ ነው። ተሰርዞባቸው መነሳት ያቃታቸው ማሽኖች ስለነበሩ ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 4.5 ወዲህ አብዛኛው ተቆልፏል። ቻትር (ቁልፉን የሚያነሳው ትእዛዝ) ብላችሁ አትክፈቱት። መብራትም አይታመንም፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። «ቦታ የለም» ካለ «ዳምፕ» ብለው የሚጀምሩትን ፈልጉ። ከርነሉ ሲወድቅ የጻፋቸው ናቸው፣ ቁልፍም የለባቸውም። እነሱን ብቻ፣ አንድ በአንድ አጥፉ።