ስልኩን እስክንዘጋ ድረስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሰው ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሜክሲኮ ካለችው የጥገና ክፍላችን ገቡ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። «ልጄ፣ መብራት ስለጠፋ እግዜርን ያመሰገንኩት ዛሬ ገና ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አዲስ የገዙት ፕሪንተር አልሠራ ይላቸዋል። ጉግል ላይ ፈልገው ከሁሉ በላይ የመጣውን ገጽ ይከፍታሉ። «ስምና ስልክ ቁጥርዎን ይሙሉ፣ ባለሙያ ይደውልልዎታል» ይላል። ሞሉ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ በዋትስአፕ ተደወለ። ሰውዬው ትሁት ነው፤ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ይፈሳል። «የታመመው ፕሪንተርዎ አይደለም፣ ኮምፒውተርዎ ነው» አላቸው። አንድ ፕሮግራም አስጫናቸው። ከዚያ የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካው መንቀሳቀስ ጀመረ። 40 ደቂቃ ያህል ቀይ ምልክትና ቢጫ ምልክት ሲያሳያቸው ቆየና «የጥገናውን ክፍያ እንድንጨርስ የባንክ ገጽዎን ይክፈቱ» አለ። ጋሼ የይለፍ ቃላቸውን ሊጽፉ እጃቸውን ሲዘረጉ ሰፈሩ ድርግም አለ። ዋይፋዩ ጠፋ፣ ጥሪው ተቆረጠ፣ ቀስቱም ባለበት ቀረ። ድምፁ ሲጠፋና ብቻቸውን ሲቀሩ ነው ነገሩ የከነከናቸው።

«ታዲያ ቀደም ብለው ለምን አልዘጉበትም?» አልኳቸው።

«እንዴት ብዬ? ሰውዬው እኮ እንደዚያ በትህትና እያወራኝ!»

ይቺን መልስ አልረሳኋትም። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ሌባ የሚሸውደው ኮምፒውተር የማያውቀውን ነው ብሎ ያስባል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቁም ይሸወዳሉ። የሚያመሳስላቸው ስልክ መዝጋት አለመቻላቸው ነው።

ይሉኝታ

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ከሱ ይወለዳሉ። ያደግነው ሰው ሲያናግረን እንድንሰማ፣ ሰላምታ ሲሰጠን «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» እንድንል ተደርገን ነው። ሰው እያወራ ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር ነው። ደዋዩ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሲደውል አይቸኩልም። ጤናዎን ይጠይቃል፣ «እናቴ»፣ «አባቴ» ይላል፣ አንዳንዱማ ልጆችዎን ይመርቃል። አሥር ደቂቃ ካወሩ በኋላ «አይ፣ አላመንኩህም» ማለት የራስን እንግዳ ከቤት እንደማባረር ይከብዳል።

እኔ ለደንበኞቼ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናለሁ። «አሁን አልመቸኝም፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ።» ከዚያ መዝጋት። መልሱን መጠበቅ አያስፈልግም። እውነተኛ ሠራተኛ ቢሆን አይቀየምም። ሌባው ግን በዚህች ቅጽበት ጸባዩ ይቀየራል፤ «ከዘጉት ኮምፒውተሩ ይቃጠላል»፣ «በአምስት ደቂቃ ውስጥ አካውንትዎ ይዘጋል» ይላል። ትህትናው ወዴት ሄደ? አይገርምም?

መልሰው ሲደውሉ ደግሞ እሱ በሰጠዎት ቁጥር አይሁን። በኤቲኤም ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው፣ ወይም ሁላችንም በምናውቃቸው አጫጭር ቁጥሮች ይደውሉ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951። ስክሪን ላይ የመጣ ቁጥርና ስም ማስረጃ አይደለም። አስመስሎ መደወል ይቻላል።

በገዛ ኮምፒውተራችን መስካሪነት ማመን

ጋሼን ያሳመናቸው የሰውዬው ወሬ አልነበረም። «በዓይኔ አየሁት እኮ!» ነው ያሉኝ። ምን አዩ? ዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪወር የሚባል መዝገብ አለ። ኮምፒውተሩ ውሎ አዳሩን የሚጽፍበት ነው። አንድ ፕሮግራም ትንሽ ቢዘገይ «ዋርኒንግ» ብሎ ይመዘግባል። ኔትወርክ ለአፍታ ቢቋረጥ «ኤረር» ይላል። ጤነኛ ኮምፒውተር ላይም ሞልቶ ተርፎ ይገኛል። ሌባው ይህን ያስከፍትና «ቀዩን አዩት? እያንዳንዱ ቫይረስ ነው» ይላል።

ለጋሼ ላሳያቸው ብዬ ከካርቶኑ ገና የወጣ የሌላ ደንበኛ ላፕቶፕ ከፈትኩ። ሥራ ከጀመረ ሦስት ሰዓት አልሞላውም። አብረን ቆጠርን፤ ቀዩ 27፣ ቢጫው 61። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይኼ ገና ሳይወለድ ታመመ?» አሉኝ።

ሌላም አለ። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ያስከፍትና አንድ ቃል ያስጽፋል። ዝርዝር ይመጣል፤ አንዱ ዓምድ «ፎሪን አድሬስ» ይላል። «ይኸው፣ ከውጭ አገር የገቡ ሰዎች!» ይላል። ፎሪን እዚያ ላይ ከእርስዎ ማሽን ውጪ ያለ ማለት ብቻ ነው። ጂሜይል ሲከፍቱ የጂሜይል ኮምፒውተር እዚያ ይዘረዘራል። ሌላ ተአምር የለውም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን እዚያው ጥቁር መስኮት ላይ የሚወጣው፣ በ888 የሚጀምረው ረዥም ቁጥር ነው። ደዋዩ «ይህ የኮምፒውተርዎ ልዩ መለያ ነው፣ እኛ ጋ ተመዝግቧል» ብሎ በስልክ ያነብልዎታል። እርስዎ ስክሪኑ ላይ ይከታተላሉ። ልክ ነው፣ አንዲት ፊደል አልሳተም። እንዴት አወቀ? ያ ቁጥር በእኔም፣ በጎረቤቴም፣ በሁሉም ዊንዶውስ ላይ አንድ ስለሆነ ነው። መታወቂያዎ ላይ «ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊ» ይላል ብሎ «አወቅኩዎት» እንደማለት ነው።

በክራኩ መሸማቀቅ

ይቺ የእኛው የራሳችን ናት። እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን ዊንዶውስ «ያስጫንነው» አንድ ሱቅ ሄደን ነው፤ ላይሰንስ ገዝተን አይደለም። ክራክ የምንለው ይህን ያልተከፈለበትን ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ደውሎ «ከማይክሮሶፍት ነው፣ ዊንዶውስዎ ሕጋዊ አይደለም» ሲል ውስጣችን «ተያዝኩ» ይላል። የፈራ ሰው ደግሞ ጥያቄ አይጠይቅም። አንዲት ደንበኛዬ ለባሏ እንኳ ሳትነግር ከሰውዬው ጋር ስትደራደር ሁለት ቀን ቆይታለች።

ማይክሮሶፍት ሳይጠሩት ቤትዎ ደውሎ «ኮምፒውተርዎ ተበላሽቷል» አይልም። ዊንዶውሱ አክቲቬት ካልሆነ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ ፈዘዝ ያለ ጽሑፍ ይወጣል፤ አለቀ። ሕጋዊውን መግዛት ጥሩ ነው፤ በስልክ ከመጣ ሰው ግን አይገዛም።

ስክሪን ላይ ወደወጣው ቁጥር መደወል

አንዳንዴ ሌባው አይደውልም፤ እንዲደውሉለት ያደርጋል። ፊልም ወይም ኳስ ሊያዩ አንድ ገጽ ሲከፍቱ ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ወይም ቀይ ይሆናል። ድምፅ ይጮኻል። «ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ አያጥፉት፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ሲሯሯጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ይህ ቫይረስ ሳይሆን ስክሪኑን የሞላ ተራ ድረ ገጽ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ እንደሚለው የእሱ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ላይ ስልክ ቁጥር አይኖርም። ኤስኬፕን ተጭነው ይቆዩ። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑና ከሚመጣው ዝርዝር ብሮውዘሩን ይዝጉ። ያም ካልሆነ ማጥፊያውን ተጭኖ ማጥፋት ነው፤ ምንም አይሆንም። ብሮውዘሩ እንደገና ሲከፈት «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ካለ ግን እንዳይመልሱ። ሰውዬውን በራስዎ እጅ መልሰው ማስገባት ይሆናል።

ቁልፉን አሳልፎ መስጠት

የሌላ ሰው ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመቆጣጠር የሚያገለግሉት ኤኒዴስክና ቲምቪወር የሌባ ፕሮግራሞች አይደሉም። እኔም በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። ቦሌ ያለ ደንበኛ ፕሪንተሩ እምቢ ሲለው ሜክሲኮ ተቀምጬ አስተካክልለታለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ከመቆም ይሻላል። ልዩነቱ ያለው ማን ማንን ጠራ የሚለው ላይ ነው። እርስዎ የሚያውቁትን ሰው ጠርተው ፕሮግራሙ የሚያሳየውን ቁጥር ቢሰጡት ሌላ ነገር ነው። የማያውቁት ሰው ደውሎ «የሚታይዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ካለ ግን የቤትዎን ቁልፍ እየጠየቀ ነው።

አንዴ ከገባ ስክሪኑን አጥቁሮብዎት ከኋላ እንደፈለገ ሊሠራ ይችላል። ሌላም ተንኮል አለው። «ገንዘብዎን እንመልስልዎ» ይልና የባንክ ገጽዎ ላይ የተጻፈውን አሃዝ ይቀይራል። ባንኩ ውስጥ ምንም አልተነካም፤ የተቀየረው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ነው። 5,000 ሊመልስ የነበረው 50,000 የላከ ይመስላል። ከዚያ «በስህተት አበዛሁት፣ ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው፣ ትርፉን ይላኩልኝ» ብሎ ያለቅሳል። ሰውዬው ያሳዝናል። ያዘነ ሰው ደግሞ የሚልከው የገዛ ገንዘቡን ነው። ይሉኝታ አላልኩም?

ስልክ ላይም ያው ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስልክዎ ላይ ከተጫነ የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ ሰውዬው ፊት ነው የሚመጣው።

«ሲስተም እየቀየርን ነው»

እንግሊዝኛው ያልፈጀውን አማርኛው ይጨርሰዋል። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ። ስለዚህ አንዱ ደውሎ «ከባንኩ የሲስተም ክፍል ነው፣ ሲስተም እየቀየርን ስለሆነ የደንበኞችን መረጃ እያደስን ነው» ሲል ማን ይጠረጥራል? ስምዎን ያውቃል። ቅርንጫፍዎንም ሊያውቅ ይችላል። የሚፈልገው አሁን በመልዕክት የሚገባልዎትን ኮድ ብቻ ነው። ያ ኮድ ፊርማዎ ነው። የቴሌብር ፒንም እንዲሁ። ባንክም ሆነ ቴሌ በስልክ አይጠይቁትም።

«ይህን ቁጥር ይደውሉ» ብለው በኮከብና በ21 የሚጀምር ነገር ካስጻፉዎት ጥሪዎን ወደ ራሳቸው ስልክ እያዞሩ ነው። ካደረጉት ##002# ደውለው ያጥፉት።

አፍሮ ዝም ማለት

ይህ ከሁሉ ያስቆጨኛል። ሰው ይሸወድና «ልጆቼ ምን ይሉኛል» ብሎ ይደብቃል። ሰዓቱ የሚያልፈው ያኔ ነው። ጋሼ እንኳ ለልጃቸው ሳይነግሩ ነው እኔ ጋ የመጡት።

ሰው ካስገቡ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይቁረጡ፤ ዋይፋዩን መንቀል ይበቃል። ከዚያ በሌላ ስልክ ባንክዎ ጋ ደውለው አካውንቱን ያሳግዱ። የይለፍ ቃሎችን በሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ይቀይሩ፤ ከኢሜይሉ ይጀምሩ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በኢሜይሉ ይከፈታል። የተነካውን ኮምፒውተር ሰነድዎን አስቀድተው ፎርማት ያስደርጉ። የመልዕክቶቹንና የጥሪውን ስክሪንሾት አይሰርዙ፤ ለፖሊስ ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸምን ማጭበርበር በግልጽ ያስቀጣል። ኢንሳ የምንለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም በ933 ጥቆማ ይቀበላል።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ደውሎ «የተወሰደብዎትን ገንዘብ ላስመልስልዎ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» ይል ይሆናል። ያው ሰውዬ ነው፤ ወይም ዝርዝሩን የሸጠለት።

የጋሼን ላፕቶፕ በማግስቱ ጨርሼ ልነግራቸው ደወልኩ። የሱቁ ስልክ ባትሪ ዘግቶ ስለነበር በራሴ አዲስ ሲም ነበር የደወልኩት።

«ማን ልበል?»

«ጋሼ፣ ከኮምፒውተር ጥገናው ነኝ። ላፕቶፕዎ...»

«አሁን አልመቸኝም፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ» አሉና ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቻርጅ ላይ ያለው የሱቁ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ነበሩ፤ ደረሰኛችን ላይ ባለው ቁጥር ነበር የደወሉት። «ልጄ» አሉ፣ «ቅድም አንዱ ባንተ ስም ደውሎ ነበር።»