ሬክሚሬን በክርና በቀይ አፈር መሳል

ደብረ ማርቆስ ለተማሪዎቼ ሬክሚሬን የማስተምረው ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ በማሳል ነው። ሬክሚሬ በጥንቷ ግብፅ ከፈርዖን ቀጥሎ ያለ ትልቅ ሹም ነበር። ፈርዖኖቹን ቱትሞስ 3ኛንና አሜንሆቴፕ 2ኛን አገልግሏል። በሥዕል የተሞላው መቃብሩ ሉክሶር ውስጥ፣ ከዓባይ በስተምዕራብ ነው።

መጀመሪያ ቀይ አፈር ነፍታችሁ በውሃ በጥብጡ። ወፈር ይበል። ክር ንከሩበት። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ወጥረው ይያዙ፣ ሦስተኛው መሃሉን ስቦ ይልቀቀው። ጧ ሲል ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። የግብፅ ሰዓሊዎችም የሚያሰምሩት እንዲሁ ነበር።

በዚሁ ክር አግድምና ቁልቁል እያሰመራችሁ እኩል ካሬዎች አውጡ። ሬክሚሬ ከእግሩ መርገጫ እስከ ፀጉሩ መነሻ 18 ካሬ ይሁን። ጉልበቱ ከታች 6ኛው መስመር ላይ ይውላል። ፊትና እግር በጎን፣ ዓይንና ትከሻ ከፊት።

እዚህ ጋ ልጆቹ ግር ይላቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሳለው ክፉ ሰው ነዋ! እዚያ ግን ፈርዖንም በጎን ነው። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሹሙ ሲያልቅ ወደ ጡብ ሠሪዎቹ እለፉ። መቃብሩ ውስጥ አሉ። አንዱ ከኩሬ ውሃ ይቀዳል፣ ሌላው ጭቃ ያቦካል፣ ሌላው በእንጨት ቅርጽ ጡብ ያወጣል። እኔ ከሹሙ ይልቅ እነሱን እወዳለሁ፤ ጊዜ ስጧቸው።

አምና አንድ ልጅ ጭቃ አቡኪው ላይ ጣቱን አድርጎ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የአባቴ ሥራ ነው» አለኝ። ከዚያ ከሰውየው እግር ሥር የጤፍ ጭድ ሳለለት።