በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ፍጥነት ሲሰላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሪፕ (በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት) ስሌት ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የሒሳቡ ክብደት ሳይሆን ቁጥሩን ይዞ መለኪያውን መጣል ነው።

ደቂቃንና ሰዓትን ማምታታት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ ዶፓሚን የተባለው መድኃኒት በኪሎ 5 ማይክሮግራም በደቂቃ ታዘዘ እንበል። 5 በ70 ሲባዛ 350 ማይክሮግራም በደቂቃ ነው። መድኃኒቱን ወደ ደም ሥር የሚገፋው ፓምፕ ላይ የሚሞላው ቁጥር ግን በሰዓት ነው። በ60 ይባዛል፤ 21,000 ማይክሮግራም ወይም 21 ሚሊግራም በሰዓት ይመጣል። በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ 400 ሚሊግራም ካለ፣ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1.6 ሚሊግራም ይይዛል። 21 ለ1.6 ሲካፈል 13.1 ሚሊ ሊትር በሰዓት ይሆናል። በ60 ማባዛቱን የዘነጋ ሰው 0.2 ገደማ ያገኛል። ደግነቱ እንዲህ ያለ ቁጥር ዓይን ውስጥ ይገባል።

የውህዱን መጠን በልማድ መገመት። ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ይሄ ነው። ያው 250 ሚሊ ሊትር 400 ሳይሆን 800 ሚሊግራም ቢይዝስ? 13.1 ብለን ስንሞላ ታካሚው እጥፍ ዶዝ ይወስዳል። ቁጥሩ ግን የትናንቱን ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ ሁሌም ሌብሉን አንብቡ።

የጠብታ መጠንን ሳያዩ መቁጠር። ፓምፕ ከሌለ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ማለት በ480 ደቂቃ ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሆነበት ቱቦ በደቂቃ 42፣ 15 በሆነበት 31፣ 60 በሆነበት ደግሞ 125 ጠብታ ይሆናል። መጠኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ወረቀቱን ቀድዳችሁ ለመጣል አትቸኩሉ።

ነጥብ አጻጻፍ ላይ መዘናጋት። 5.0 ሲቸኩሉ 50 ሆኖ ይነበባል፣ .5 ደግሞ 5። 5 እና 0.5 ብላችሁ ጻፉ።

የዘገየን ድሪፕ ለማካካስ በፍጥነት መልቀቅ። ፖታሲየም ያለበት ከሆነ ልብን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ምን እንደሚደረግ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ።

ለይስሙላ ማረጋገጥ። «13.1 አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ ባልደረባ «አዎ» ብሎ ያልፋል። መልሱን ሳታሳዩት ትዕዛዙንና ከረጢቱን ስጡት፤ በራሱ ወረቀት ከዜሮ ጀምሮ ያስላ።